ነባሪው የባይትኮድ ስሪት ስንት ይሁን? ማንስ ይወስነው?

ጥያቄ፦ «በጄቪኤም (የጃቫ ፕሮግራሞችን በሚያስኬደው ሶፍትዌር) ላይ የሚሠራ የአንድ ትንሽ የፕሮግራም ቋንቋ ኮምፓይለር (ምንጭ ኮዱን የሚተረጉም መሣሪያ) እንንከባከባለን። ተጠቃሚው ምንም ካላዘዘው ኮምፓይለሩ የሚያወጣው የጃቫ 8 ባይትኮድ (ጄቪኤም የሚያነበው የትእዛዝ ቅርጽ) ነው፤ ቁጥሩ 52። ኮምፓይለሩ ራሱ ለመነሳት ግን ጃቫ 17 ይፈልጋል። አሁን ሦስት ሐሳብ ቀርቧል። አንዱ ‹ቋሚ ቁጥር ይቅር፣ ኮምፓይለሩ የተነሳበትን ጄዲኬ (የጃቫ ማበልጸጊያ ጥቅል) ይከተል› ይላል። ሌላው ‹61፣ የጃቫ 17ን ቁጥር፣ እናድርገው፣ ኮዱ ይፈጥናል› ይላል። ሦስተኛው ‹52 እየሠራ ነው፣ ለምን እንነካዋለን› ባይ ነው። 61ን ለመሞከር ቁጥሩን ብቻ ብንቀይር አንዳንድ ፕሮግራሞች ገና ሲነሱ በኢሊጋል አክሰስ ኤረር (ያልተፈቀደ አጠቃቀም ስህተት) ወደቁ። የቱ ነው ትክክል?»

ምላሽ፦ ከሦስቱ ጎጂው የመጀመሪያው ነው፤ ጄዲኬውን መከተል የሚለውን ሐሳብ ሙሉ በሙሉ ተዉት። ሁለተኛው የሚያደርሳችሁ ቦታ ጥሩ ነው፣ የተነሳበት ምክንያት ግን ልክ አይደለም። ሦስተኛው ለዛሬ ይበቃል፣ ለሁልጊዜ ግን አይሆንም። የገጠማችሁ ስህተት ደግሞ ከጄቪኤሙ የመጣ አይደለም፤ በኮምፓይለራችሁ ውስጥ ተደብቆ የኖረ ጉድለት ነው። ቁጥሩ ከፍ ሲል ተጋለጠ እንጂ አሁን አልተፈጠረም።

በመጀመሪያ ቁጥሩ ምን እንደሚናገር እንይ። ማንኛውንም የክላስ ፋይል፣ ማለትም ኮምፓይለሩ የሚያወጣውን የባይትኮድ ፋይል፣ ባይቶቹን በሚያሳይ መሣሪያ ክፈቱት። የመጀመሪያዎቹ 4 ባይቶች በመሠረት 16 ሲጻፉ «ካፌ ቤብ» ተብለው የሚነበቡ መለያ ናቸው። ቀጥሎ 2 ባይት ንዑስ ስሪት፣ ከዚያ 2 ባይት ዋና ስሪት ይመጣል። በጃቫ 8 ደረጃ በወጣ ፋይል ውስጥ ስምንተኛው ባይት 34 ሆኖ ይታያል፤ በመሠረት 16 ስለተጻፈ በተለመደው አቆጣጠር 52 ማለት ነው። የጃቫ 11 ፋይል እዚያው ቦታ ላይ 37 ያሳያል፣ ይኸውም 55 ነው። የጃቫ 21 ደግሞ 41፣ ይኸውም 65። በቃል ለመያዝ በጃቫው ቁጥር ላይ 44 መደመር ይበቃል። ባይት መቁጠር የማይፈልግ ሰው የክላስ ፋይል አንባቢውን ጃቫፒን ዝርዝር እንዲያወጣ ቢያዘው ዋናውን ስሪት በግልጽ ይጽፍለታል።

ጄቪኤም ከሚያውቀው በላይ የሆነ ቁጥር ካየ አንድም መስመር ሳያስኬድ ክላሱን ይመልሰዋል፤ አንሰፖርትድ ክላስ ቨርዥን ኤረር የሚባለው ይህ ነው። ዝቅ ያለውን ግን ይቀበላል፤ የዛሬዎቹ ጄቪኤሞች የጃቫ 1.1ን 45 እንኳ ያነባሉ። ስለዚህ ቁጥሩ የሚናገረው ፕሮግራሙ ከየትኛው ስሪት በታች እንደማይነሳ ነው። ነባሪውን ስትመርጡ ስለዚህ ጉዳይ አስቦ የማያውቀውን ተጠቃሚ ወክላችሁ ፕሮግራሙ የት የት መሄድ እንደሚችል እየወሰናችሁለት ነው። አስቦ የመረጠ ሰው ቢሳሳት ምን እንደሚያርም ያውቃል። ሳያውቅ የተመረጠለት ግን ስህተቱን የሚሰማው ከደንበኛው አፍ ነው።

ጄዲኬውን መከተል የሚደግፉ ሰዎች «ጃቫሲም እኮ እንደዚያ ነው የሚያደርገው» ይላሉ። አይደለም። ጃቫሲ፣ የጃቫ ቋንቋ የራሱ ኮምፓይለር፣ የጄዲኬው አካል ነው፤ ከጄዲኬ 21 ጋር የሚመጣው ጃቫሲ ነባሪው 65 ነው፣ የትም ማሽን ላይ ቢቀመጥ 65 ነው። ነባሪው በየስሪቱ የተቆረጠ ቋሚ ቁጥር ነው ማለት ነው። የእናንተ ኮምፓይለር ግን ለብቻው የሚሠራጭ ነው፤ አንዱ ስሪት ዛሬ በጄዲኬ 17፣ ነገ በጄዲኬ 25 ሊነሳ ይችላል። ቁጥሩን ከማሽኑ ካነበበ አንድ ዓይነት ምንጭ ኮድ፣ አንድ ዓይነት ኮምፓይለር፣ አንድ ዓይነት ትእዛዝ ይዘው ሁለት ሰዎች ሁለት የተለያዩ ውጤቶች ያገኛሉ።

ይህ ምን እንደሚያስከፍል በዓይኔ አይቻለሁ። ከዓመታት በፊት አብሬው የሠራሁት ቡድን አንድ መስመር ብቻ የታረመበት ንዑስ እትም ለቀቀ። በማግስቱ በጃቫ 8 ላይ የነበሩ ደንበኞች ሁሉ ፕሮግራሙ አልነሳ አላቸው። ግማሽ ቀን ያችን አንድ መስመር ስንመረምር ዋልን፤ መስመሯ ንጹሕ ነበረች። በመጨረሻ አንዱ ባልደረባችን የአሮጌውንና የአዲሱን ፋይል ባይቶች ጎን ለጎን ከፈተ፦ አንዱ ላይ 34፣ ሌላው ላይ 37። በመካከሉ የቢልድ ማሽኑ ጄዲኬ ከ8 ወደ 11 ተሻሽሎ ነበር፣ የኮምፓይል ትእዛዛችን ደግሞ ቁጥር አልጠቀሰም። ለውጡ በኮድ ታሪካችን ውስጥ የትም አልተመዘገበም። ችግሩን ከባድ ያደረገውም ይኸው ነው፦ የምትፈልጉት ነገር በምትፈልጉበት ቦታ የለም።

አንድ ልዩ ሁኔታ አለ። ኮዱ ተኮምፕሎ እዚያው በዚያው ሂደት ውስጥ ወዲያው የሚሠራ ከሆነ፣ ማለትም በይነተገናኝ ሼል ወይም ፋይል የማያስቀር ስክሪፕት ከሆነ፣ የተነሳበትን ጄቪኤም መከተል ጉዳት የለውም። ከማሽኑ የሚወጣ ፋይል የለምና።

ወደ «ይፈጥናል» እንምጣ። ኮዱን በሥራ ላይ እያለ ወደ ማሽን ቋንቋ የሚቀይረው ጂት የሚያየው ትእዛዞቹን እንጂ በፋይሉ ራስ ላይ ያለውን ቁጥር አይደለም። በአዲስ ጄቪኤም የሚገኘው ፍጥነት፣ የተሻሻለው ጂትም ሆነ የተሻሻለው የማኅደረ ትውስታ ማጽጃ፣ ቁጥራቸው 52 ለሆነ ፋይሎችም እኩል ይደርሳል፤ እንደገና መኮምፐል አያስፈልግም። እውነት ነው፣ ጃቫሲ ዒላማው 9 ወይም ከዚያ በላይ ሲሆን የጽሑፍ ማያያዝን በኢንቮክ ዳይናሚክ (የሚጠራው ኮድ በሥራ ላይ እያለ በሚወሰንበት ትእዛዝ) ይጽፋል፤ ከ11 ጀምሮም ውስጣዊ ክላስ የውጪውን ፕራይቬት አባል በቀጥታ እንዲነካ የሚያስችለውን የኔስት መረጃ ያስገባል፣ ከዚያ በፊት በመካከል የሚፈጥራቸው ድልድይ ሜተዶች (የክላስ ተግባሮች) ቀርተዋል። እነዚህን ግን ኮምፓይለሩ ራሱ አስቦ መጻፍ አለበት። እናንተ ቁጥሩን ብቻ ስትቀይሩ ያገኛችሁት ያንኑ ፕሮግራም ነው፣ የሚነሳባቸው ቦታዎች ብቻ አነሱ።

አሁን ወደ ኢሊጋል አክሰስ ኤረሩ። ጄቪኤም በፋይሉ ራስ ላይ ያለውን ቁጥር የሚያነበው ለመቀበልና ላለመቀበል ብቻ አይደለም፤ የትኛውን ደንብ እንደሚያስከብር የሚወስነውም በእሱ ነው። ቁጥሩን ከፍ ስታደርጉ «በአዲሱ ሕግ ፍረደኝ» ማለታችሁ ነው። ከ53 ጀምሮ የተጠበቀው አንዱ ደንብ ይህ ነው፦ ፋይናል (የማይለወጥ) ተብሎ የታወጀ ፊልድ (የክላስ የውሂብ ቦታ) እሴት ሊሰጠው የሚችለው በክላሱ ኮንስትራክተር (ዕቃው ሲፈጠር በሚሠራው ክፍል) ውስጥ ብቻ ነው፤ ስታቲክ ከሆነ ደግሞ በክላሱ ማስጀመሪያ ውስጥ ብቻ። የጄቪኤም መግለጫው ይህን ቀድሞም ይል ነበር፣ ሆትስፖት (በብዛት የሚሠራበት ጄቪኤም) ግን ከ53 በታች ባሉ ፋይሎች ላይ ጻፊው ያው ክላስ እስከሆነ ድረስ ያልፈው ነበር።

የእናንተ ኮምፓይለር የት ላይ እንደሚጥሰው መገመት ይቻላል። ዘግይቶ የሚሞላ እሴት ያላቸው ቋንቋዎች፣ ወይም ኮንስትራክተሩ ሲረዝም ሥራውን ወደ ረዳት ሜተድ የሚያሻግሩ ኮምፓይለሮች፣ ፊልዱን ፋይናል ብለው ያውጁና ከረዳቱ ውስጥ ይጽፉበታል። በ52 ዝም ተብሎ ያልፋል፣ በ61 ይወድቃል። መድኃኒቱ ሁለት ዓይነት ነው፦ እሴት የሚሰጠውን ትእዛዝ ወደ ኮንስትራክተሩ መመለስ፣ ወይም ፋይናል የሚለውን ምልክት ማንሳት። ሁለተኛው ቀላል ይመስላል፣ ግን ተጠንቀቁ። ፋይናል ፊልድ በጃቫ የማኅደረ ትውስታ ሞዴል ውስጥ ልዩ ዋስትና አለው፤ ኮንስትራክተሩ ከተጠናቀቀ በኋላ ሌላ ትሬድ (ጎን ለጎን የሚሄድ የሥራ መስመር) ያለ መቆለፊያ ቢያየው እንኳ የተሞላውን እሴት ያገኛል። ምልክቱን ስታነሱ ይህ ዋስትናም አብሮ ይሄዳል፣ ስህተቱም የሚታየው አልፎ አልፎ፣ ብዙ ትሬድ በሚሠራበት ቦታ ብቻ ነው። ስለዚህ በእርግጥ ዘግይቶ ለሚሞላው ፊልድ ብቻ አንሱት፤ ሌላውን ወደ ኮንስትራክተሩ መልሱት።

ተመሳሳይ ነገር ቀድሞም ሆኗል። ቁጥራቸው 50 በሆነ ፋይሎች ላይ የባይትኮዱን ትክክለኛነት የሚፈትሸው አዲሱ ማረጋገጫ ባይሳካ ጄቪኤሙ ወደ አሮጌው መመለስ ይችል ነበር፤ ከ51 ጀምሮ ግን አዲሱ ማረጋገጫ የሚመረኮዝበት የስታክ ማፕ ሰንጠረዥ ግዴታ ሆነ፣ መመለሻው ተዘጋ። ቁጥሩን አንድ ከፍ አድርጎ «ምንም አልነካሁም» ማለት አይቻልም።

ከዚህ የባሰ የሚዘነጋው ኤፒአዩ፣ ማለትም ፕሮግራሙ የሚጠራቸው የጃቫ ክላሶችና ሜተዶች፣ ነው። ሰዎች ሦስት ነገሮችን አንድ አድርገው ያያሉ፦ ቋንቋው የሚፈቅደው አጻጻፍ፣ የባይትኮዱ ስሪት፣ ኮምፓይለሩ ስም ሲፈታ የሚያያቸው የጃቫ ክላሶች። ሦስተኛው ካልተያዘ ሁለተኛው ብቻውን ሐሰተኛ ምስክር ነው። ባይት በፈር የተባለውን የጃቫ ክላስ ውሰዱ። በጃቫ 8 ፍሊፕ የተባለው ሜተድ የሚገኘው በወላጁ በበፈር ላይ ነው፣ የሚመልሰውም በፈር ነው። ከጃቫ 9 ጀምሮ ባይት በፈር የራሱን ፍሊፕ አወጀ፣ የሚመልሰውም ባይት በፈር ሆነ። በባይትኮድ ውስጥ የሜተድ ጥሪ ሲጻፍ የሚመልሰው ዓይነትም አብሮ ይጻፋል። ስለዚህ በጄዲኬ 17 ላይ ሆናችሁ በ52 ስታወጡ፣ ኮምፓይለራችሁ የ17ቱን ክላሶች እያየ ከሆነ፣ በጃቫ 8 ላይ የሌለ ሜተድ ስም ይጽፋል። ፋይሉ 52 ነውና ጃቫ 8 ይጭነዋል። ፕሮግራሙ ይነሳል፣ ይሠራል፣ ያች መስመር ላይ ሲደርስ በኖ ሰች ሜተድ ኤረር ይወድቃል። መስመሯ ብዙም የማትነካ ከሆነች ይህ ከሳምንታት በኋላ ሊሆን ይችላል። ገና ሲጫን ከመመለስ ይህኛው እጅግ የከፋ ነው።

ጃቫሲ ለዚህ ከጃቫ 9 ጀምሮ «ሪሊዝ» የሚባል አንድ አማራጭ አለው፤ አጻጻፉን፣ ባይትኮዱንና ኤፒአዩን በአንድ ቁጥር ያስራል። የየስሪቱን የኤፒአይ መልክ የሚያነበው በጄዲኬው የላይብረሪ ማኅደር ውስጥ ካለው «ሲቲ ሲም» ከተባለው ፋይል ነው። ፋይሉ የጃቫሲ የግል ንብረት አይደለም፤ ስካላና ኮትሊን የተባሉት የጄቪኤም ቋንቋዎችም በራሳቸው ተመሳሳይ አማራጭ በኩል ይጠቀሙበታል፣ እናንተም ትችላላችሁ። ወሰኑን ግን እወቁ፦ ለጄዲኬው ለራሱ አገልግሎት የተተዉ ውስጣዊ ክፍሎች በዚህ መንገድ ብዙውን ጊዜ አይታዩም፣ በሪፍሌክሽን (በሥራ ላይ እያለ) በስም የሚጠራ ነገርም አይመረመርም።

እንግዲያው 52 ላይ ለምን አንቀመጥም? ሲቲ ሲም የሚያስታውሰው ወደ ኋላ የተወሰነ ርቀት ስለሆነ ነው። ጃቫሲ አሮጌ ዒላማዎችን በየጊዜው ይጥላል፦ ጄዲኬ 9 ሲመጣ 5 እና ከዚያ በታች ያሉት ቀሩ፣ በጄዲኬ 12 ደግሞ 6፣ በጄዲኬ 20 ደግሞ 7። ጄዲኬ 21 ላይ 8ን ዒላማ ብታደርጉ ጊዜው ያለፈበት እንደሆነና ወደፊት እንደሚወገድ ያስጠነቅቃል። ያ ቀን ሲደርስ 52ን ከትክክለኛው ኤፒአይ ጋር ማውጣት የምትችሉት አሮጌ ጄዲኬ አስቀምጣችሁ ብቻ ይሆናል። ከዚህም ሌላ ኮድ አመንጪያችሁ ለአሮጌውም ለአዲሱም ሁለት መንገድ እየያዘ መኖር አለበት፤ ለትንሽ ቡድን ይህ ቀላል ሸክም አይደለም።

ሌሎቹ እንዴት እንዳደረጉት ማየት ይጠቅማል። ኮትሊን ለረጅም ጊዜ ነባሪው 1.6 (ጃቫ 6) ነበር። እ.ኤ.አ. በ2021 በወጣው ኮትሊን 1.5 ነባሪውን ወደ 1.8 (ጃቫ 8) አነሳ፣ 1.6 ግን ለሚጠይቅ ሰው ቆየ፤ በኮትሊን 1.7 ላይ ነው ፈጽሞ የተወገደው። መጀመሪያ ነባሪው ተቀየረ፣ ኋላ አማራጩ ተዘጋ፤ ይህን ቅደም ተከተል ያዙት። ስካላ 2.12 ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2016 ጃቫ 8ን ዝቅተኛ አድርጎ ሲነሳ ዝም ብሎ ቁጥር አልቀየረም፤ ትሬይቶቹን (የጋራ ባሕርይ መያዣዎቹን) በኢንተርፌስ ነባሪ ሜተዶች፣ ላምዳዎቹን (ስም የለሽ ተግባሮቹን) በኢንቮክ ዳይናሚክ እንደገና ሠራ። ከፍ ሲል የሚያተርፈው እንደዚህ ያለው ነው።

ኮትሊን ያለፈበት አንድ ወጥመድ ለእናንተም ሊመጣ ይችላል። ቋንቋችሁ ኢንላይን ፈንክሽን (አካሉ በተጠራበት ቦታ የሚገለበጥ ተግባር) ካለው፣ በ61 የተኮምፐለ ላይብረሪ ውስጥ ያለ አካል በ52 በሚወጣ ፕሮጀክት ውስጥ ይገለበጣል፤ ራሱ 52 የሚል ፋይል ውስጡ የ61 ትእዛዝ ይይዛል ማለት ነው። ኮትሊን ይህን በግልጽ ስህተት ይከለክላል፦ በ1.8 የተሠራ ባይትኮድ በ1.6 ውስጥ ኢንላይን አይደረግም ብሎ። የእናንተም እንደዚያ ይከልክል፤ መልእክቱም የሁለቱን ቁጥሮች ይጥቀስ።

ሌላ ጥንቃቄ። ነባሪው ብዙ ጊዜ አንድ ቦታ ብቻ አይኖርም። ሜቨን የተባለው የጃቫ ቢልድ መሣሪያ ኮምፓይለር ፕለጊን የጃቫሲን ነባሪ ትቶ የራሱን ይዞ ኖሯል፦ እስከ 3.8.0 ድረስ 1.5 ነበር፣ በ3.8.0 1.6፣ በ3.9.0 1.7፣ በ3.11.0 ደግሞ 1.8 ሆነ። ተጠቃሚው የኮምፓይለሩን ነባሪ ያገኘ ይመስለዋል፣ የሚያገኘው ግን የፕለጊኑን ነው። በትእዛዝ መስመሩ፣ በቢልድ ፕለጊናችሁና በኮድ ማረሚያ ፕለጊናችሁ ውስጥ 52 የሚለውን ፈልጉ፤ ከአንድ በላይ ካገኛችሁ ሁሉም ከአንድ ቋሚ እንዲያነቡ አድርጉ።

ቁርጥ ያለው ምክሬ ይህ ነው። በሚቀጥለው ንዑስ እትም ነባሪውን አትንኩ፤ 52 ይቆይ። በእሱ ፋንታ ባይትኮዱንና ኤፒአዩን በአንድ ላይ የሚያስር የሪሊዝ አማራጭ አስገቡ፣ የፋይናል ፊልዱን ጉድለት አርሙ፣ ዒላማ ሳይጠቅስ ለሚኮምፕል ሰውም ነባሪው በሚቀጥለው ዋና እትም 61 እንደሚሆንና እንዴት 8 ላይ መቆየት እንደሚችል የሚነግር አንድ መስመር ማስጠንቀቂያ አሳዩ። ከዚያ በዋናው እትም 61ን ነባሪ አድርጉ። 55 አልመርጥም፤ ተጠቃሚን ሁለት ጊዜ ከማስቸገር አንዴ ይበቃል። 65ንም አልመርጥም፤ ኮምፓይለራችሁ ራሱ በ17 እየተነሳ ውጤቱ እዚያው ማሽን ላይ አይነሳም ማለት ግራ ያጋባል። 52 በግልጽ ለሚጠይቅ ሰው ቢያንስ አንድ ዋና እትም ሙሉ ይቆይለት። የማታውቁት ከፍተኛ ቁጥር ሲጠየቅ ደግሞ በዝምታ ወደምታውቁት አታውርዱት፤ ስህተት ብላችሁ አቁሙ።

የቋንቋው መደበኛ ላይብረሪ ግን ነባሪውን አይከተልም። እሱ የሚኮምፐለው በምትደግፉት ዝቅተኛ ዒላማ ነው፣ ማለትም 52 እስካለ ድረስ በ52። ነባሪውን 61 አድርጋችሁ ላይብረሪውንም በ61 ከለቀቃችሁ፣ 52 የመረጠው ተጠቃሚ የራሱ ፋይሎች ይጫኑለታል፣ የእናንተ የመጀመሪያ ክላስ ላይ ይወድቃል፤ አማራጩ በወረቀት ላይ ብቻ የቀረ ይሆናል። ይህን ስህተት ስትፈትሹ በጄዲኬ 17 ላይ ሆናችሁ አታገኙትም። የፍተሻ ሥርዓታችሁ በ17 ከኮምፐለ በኋላ የ52ቱን ውጤት በእውነተኛ ጃቫ 8 ላይ ያስኪደው፣ በ11ም፣ በ21ም። ፋይል ሲወጣ ስምንተኛውን ባይት የሚያነብ አንድ ትንሽ ፍተሻም ጨምሩ፤ ጥቂት መስመር ነው፣ ግማሽ ቀን ፍለጋ ያተርፋል።

በመጨረሻ አንድ የሚያምታታ መልእክት። ነባሪውን ካነሳችሁ በኋላ አንዳንድ ተጠቃሚዎች «የክላስ ፋይሉ ዋና ስሪት 61 አይታወቅም» የሚል ስህተት ይልኩላችኋል፣ ጃቫ 17 ላይ ሆነውም። ያ ከጄቪኤሙ የመጣ አይደለም። ኤኤስኤምን በመሰለ ላይብረሪ ባይትኮድ የሚያነብ አሮጌ መሣሪያ ነው፦ የሽፋን መለኪያ፣ ኤጀንት፣ አሮጌ ፍሬምወርክ። መልሱ ነባሪውን ማውረድ ሳይሆን ያንን መሣሪያ ማደስ ነው፤ በማስታወቂያችሁ ላይ ከወዲሁ ጻፉት።